አምኖ ተፈረደበት፣ ቅጣቱ ግን በዛ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ይህ ነው። ማንነትን የሚገልጡ ነገሮችን አውጥቼ፣ ጥቂት አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። 24 ዓመቱ ነው። ከአምስት ወር በፊት ማታ ከሥራ ሲመለስ ከአንድ የሰፈር ልጅ ጋር በገንዘብ ተጣሉ። ወንድሜ የብረት ቱቦ አንስቶ ክንዱን መታው። አጥንቱ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆነ። እጁ እንደ ድሮው አይሆንም ተብሏል። ወንድሜ ደንግጦ ራሱ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ ከዚያ በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። እኛም የሕክምናውን 85 ሺህ ብር ከፍለናል። ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል፤ የእርቅ ወረቀትም ይዘናል። ችሎት ሲቀርብ ጠበቃ አልነበረውም። አብረውት የታሰሩት ‹እመን፤ ካመንክ በገደብ ትወጣለህ› ብለውታል። ክሱ ሲነበብለት ‹አዎ መትቼዋለሁ፤ ግን መጀመሪያ የመታኝ እሱ ነው› አለ። ጥፋተኛ ተባለ። 7 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ከዚህ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሰው ሁሉ ‹አምኖ ይግባኝ የለም› ይለናል። እውነት ነው? ቅጣቱ ከተነገረ ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። ታላቅ እህቱ»

እህቴ፣ ይህ ዓምድ እስኪወጣ መጠበቅ ስለማይቻል ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት አጭር መልእክት ልኬልሻለሁ። «ነገ ጠዋት ማረሚያ ቤት ሂጂ፤ ይግባኝ ማለት እንደሚፈልግ ዛሬ ነገ ሳይል በጽሑፍ ያመልክት» ነበር ያልኩሽ። ማመልከቻው እንደገባ ስለነገርሽኝ አሁን ረጋ ብለን እናውራ። ሌሎች አንባቢዎችም በዚሁ ጉዳይ ደጋግመው ይጠይቁኛልና ከመጀመሪያው ልጀምር።

«አምኖ ይግባኝ የለም» የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። ሰው የሚሰማው ደግሞ ያችን ግማሽ ብቻ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 185 የሚለው እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ክሱን አምኖ ጥፋተኛ ከተባለ በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም። በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ግን ይችላል። በአጭሩ «አልሠራሁም» የሚለው በር ተዘግቷል። «ቅጣቱ በዛ» ወይም «ቅጣቱ ከሕጉ ውጭ ነው» የሚለው በር ክፍት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ይግባኝን የማንኛውም የተከሰሰ ሰው መብት አድርጎታል።

ቀኑ ግን አይጠብቅም። ቅጣቱ ከተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚጠይቅ ማመልከት ነበረበት፤ ይኼ ተደርጓል። ቀጥሎ የፍርዱ ግልባጭ ይሰጣችኋል። ግልባጩን ከተቀበላችሁበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ቅሬታው ራሱ ተጽፎ መግባት አለበት። ብዙ ሰው «60 ቀን አለን» ብሎ ይዘናጋል። 60 ቀን የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ጊዜ ነው፤ የቤትና የገንዘብ ክርክር ያለበት ጎረቤት የነገረውን ሰምቶ ወንጀል ላይ ያመጣዋል። ታራሚ ማመልከቻውን በማረሚያ ቤቱ በኩል ማስገባት ይችላል። ሲያስገባ ግን ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይቀበል። ያቺ ቅጂ ከሌለች «አስገብቼ ነበር» ማለት ትርጉም የለውም። ቀኑ ያለፈበት አንባቢ ካለ፣ ያሳለፈው በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስረድቶ ማስፈቀድ ይችላል። ታምሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ ከነበረ ማስረጃውን ያያይዝ። «አላወቅኩም ነበር» ግን እምብዛም አያስኬድም።

ይግባኙ የት ይቀርባል? የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወሰነው ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በክልል ከሆነ የወረዳው ወደ ከፍተኛው፣ የከፍተኛው ወደ ጠቅላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ቤተሰብ የይግባኝ ማመልከቻ ሲያጽፍ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ጋ ይሄዳል። አራት ገጽ ይጻፍለታል። «እናታችን የስኳር በሽተኛ ናት፣ ወንድማችን የቤቱ ምሰሶ ነው፣ የተከበረው ፍርድ ቤት ይራራልን» የሚል። እኔ ለእናትሽ ሕመም ግድ የለኝም ማለቴ አይደለም። የቤተሰብ ኃላፊነት በማቅለያነት ሊነሳ የሚችልበት ቦታ አለ፤ የወንጀል ሕጉ በዝርዝር ካስቀመጣቸው ውጭም ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ገልጾ ሌላ ማቅለያ እንዲቀበል ይፈቅዳል። ነገር ግን ይግባኝ ሰሚ ዳኛ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የሥር ፍርድ ቤት የት ላይ ተሳሳተ? ይህን ካላሳየሽው ምንም ያህል ቢያዝን እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም። «ቅጣቱ በዝቷል» ብቻውን ቅሬታ ነው እንጂ የይግባኝ ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ 7 ዓመት እንዴት እንደመጣ መረዳት አለብሽ። ወንድምሽ የተከሰሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 በከባድ የአካል ጉዳት ይመስለኛል። የዚያ አንቀጽ ቅጣት በጣም ሰፊ ነው። ከአንድ ዓመት በማያንስ ቀላል እስራት ይጀምርና እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። አየሽ? በአንድ ዓመትና በ15 ዓመት መካከል። ዳኛው እዚህ መሐል እንደፈለገ እንዳይንሳፈፍ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቷል። መጀመሪያ በ2002 ዓ.ም.፣ ኋላም ተሻሽሎ በ2006 ዓ.ም.። በመመሪያው መሠረት ዳኛው መጀመሪያ የወንጀሉን ደረጃ ይለያል፤ ቀላል፣ መካከለኛ ወይስ ከባድ። ከዚያ መነሻ ቅጣትና እርከን፣ ማለትም በቅጣት መሰላሉ ላይ ያለ አንድ ደረጃ፣ ይይዛል። ማክበጃ ካለ እርከኑ ይወጣል፤ ማቅለያ ካለ ይወርዳል። መጨረሻ ያረፈበት እርከን ውስጥ ቅጣቱን ይወስናል። ደረጃ በደረጃ የሚወጣና የሚወረድበት ስሌት ስለሆነ ስህተትም ደረጃ በደረጃ ይገኝበታል። ከመመሪያው መውጣት ይቻላል፤ የወጣ ዳኛ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት።

እንግዲህ ግልባጩ እጅሽ ሲገባ በእርሳስ ይዘሽ የምትፈልጊያቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ማክበጃውን ተመልከቺ። በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም እንጂ፣ በእንዲህ ያለ ፍርድ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ዓረፍተ ነገር አለ፤ «በተበዳዩ ላይ የደረሰው ጉዳት ከባድ በመሆኑ ቅጣቱ ከብዷል» የሚል። ይህ ካለ ቁም ነገር አገኘሽ። ጉዳቱ ከባድ መሆኑ ለ555 ራሱ መቋቋሚያ ነው። ጉዳቱ ከባድ ባይሆን ኖሮ ክሱ በሌላ፣ ቀለል ባለ አንቀጽ ይሆን ነበር። አንድ ነገር ወንጀሉን ካቋቋመ በኋላ ያንኑ መልሶ ማክበጃ ማድረግ አንድን ሰው በአንድ ነገር ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 84 ይህን በግልጽ ይከለክላል። ሌሊት መሆኑና መሣሪያ መያዙ ግን የተለየ ነገር ነው። የብረት ቱቦው በማክበጃነት ተይዞ ከሆነ ማፍረሱ ይከብዳል፤ እዚያ ላይ ብዙ ጉልበት አታፍስሺ።

ቀጥሎ ማቅለያው። እዚህ ነው የወንድምሽ ጉዳይ ሀብታም የሚሆነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጠቅላላ ማቅለያዎችን ይዘረዝራል። የቀድሞ መልካም ጠባይ አንዱ ነው፤ «ሪከርድ የለበትም» የሚለው ፍርድ ቤቶች በየቀኑ የሚይዙት ማቅለያ ነው። ተበዳዩ ራሱ በድርጊቱ ያነሳሳው፣ በቁጣ የገፋፋው መሆኑም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ከዚያ ፊደል ሠ ላይ ስትደርሺ የወንድምሽ ታሪክ እንዳለ የተጻፈ ይመስላል፤ ከድርጊቱ በኋላ በእውነት መጸጸት፣ ለተበዳዩ እርዳታ ማድረግ፣ ጥፋትን ማመን፣ ራስን ለባለሥልጣን መስጠት፣ የተቻለውን ያህል ጉዳቱን መካስ፣ በክሱ የተመለከቱትን ፍሬ ነገሮች ማመን።

ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። እጁን የሰጠው በእግሩ ሄዶ ነው። 85 ሺህ ብር ተከፍሏል። ታርቃችኋል። ክሱን አምኗል። ከእነዚህ ውስጥ ፍርዱ ላይ የተጻፈው የትኛው ነው? እኔ የምገምተው «ክሱን በማመኑ አንድ ማቅለያ ተይዞለታል» የሚለውን ብቻ ነው። ግምቴ ልክ ከሆነ ጥፋቱ የዳኛው ብቻ አይደለም። ዳኛ መዝገቡ ላይ ያልቀረበለትን አያውቅም። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዐቃቤ ሕግም ተከሳሽም የቅጣት አስተያየት ይጠየቃሉ። ጠበቃ የሌለው ሰው በዚያች ደቂቃ አንገቱን ደፍቶ «ፍርድ ቤቱ ይቅርታ ያድርግልኝ» ይልና ይቀመጣል። የእርቁ ወረቀት ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። የሐኪም ቤቱ ደረሰኝ የአባትሽ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ዕርቅ ደም ያደርቃል ይባላል፤ መዝገብ ውስጥ ካልገባ ግን ቅጣት አያቀልም።

አሁንስ ይገባል ወይ? ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጨማሪ ማስረጃ ሊቀበል ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። ስለዚህ ማስረጃውን ከማያያዝ በተጨማሪ በሥር ፍርድ ቤት ለምን እንዳልቀረበ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ጠበቃ አልነበረውም፤ ቤተሰብ ቀጠሮውን አላወቀም፤ እውነቱ የሆነው ይጻፍ። ደግሞ የምትፈልጊው ሁሉ አዲስ ማስረጃ አይደለም። በፖሊስ የምርመራ መዝገብ ላይ «ተጠርጣሪው ራሱ ቀርቦ እጁን ሰጥቷል» የሚል ካለ ከመጀመሪያውም መዝገቡ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ «የቀድሞ ሪከርድ አላቀረብንም» ብሎ ከሆነ እሱም ተመዝግቧል። መዝገቡ ውስጥ እያለ የታለፈ ማቅለያ ከውጭ ከሚመጣ አሥር ወረቀት ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ተዘጋጂበት። ዐቃቤ ሕግ መልስ ሲሰጥ «መጸጸቱም፣ ማመኑም፣ መካሱም በአንድ ፊደል ሥር ናቸው፤ አንድ ጊዜ ተይዞለታል» ሊል ይችላል። መልሱ ክሱን ማመንና ተበዳዩን መካስ አንድ ድርጊት አይደሉም የሚለው ነው። አንድ ሰው ሳይክስ ሊያምን ይችላል፤ ሳያምንም ሊክስ ይችላል። ይህን ጠበቃው አስቀድሞ ይጻፈው። የመልካም ጠባዩ ማቅለያ ግን ከዚህ ክርክር ነጻ ስለሆነ ከፊት ይምጣ።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉም ያስጨነቀኝ ነው። ወንድምሽ ያለው «መትቼዋለሁ፤ ግን መጀመሪያ የመታኝ እሱ ነው» ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ እንዴት እንደተመዘገበ በጣም ወሳኝ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 134 እንደ እምነት የሚቆጠረው ተከሳሹ በክሱ ላይ ያለውን ሁሉ ያለ ምንም ገደብ ሲያምን ነው ይላል። «አዎ፤ ግን…» ያለ ሰው ሙሉ በሙሉ አምኗል ወይ? «ግን» ያለው ራሴን ለመከላከል ነው ለማለት ከሆነ እንደ ካደ ተቆጥሮ ማስረጃ መሰማት ነበረበት ብሎ መከራከር ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ክርክሩ «አምኖ ነበር ወይስ አላመነም» ስለሚሆን የ185 ክልከላ እንደ ግድግዳ አይቆምም።

ግን ቆይ። ይህን መንገድ ለመያዝ አትቸኩሉ። ከተሳካ ጉዳዩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ምስክር ይሰማል፤ ወንድምሽ የማመን ማቅለያውን ያጣል። ተበዳዩ ቢላ ይዞ ነበር? ያየ ሰው አለ? ወይስ በጥፊ ነክቶት ነው እሱ ቱቦ ያነሳው? በጥፊ ከሆነ የቱቦው ምት ከመከላከል መጠን አልፏል የሚባልበት ዕድል ሰፊ ነው። እኔ ብሆን ማስረጃ ካልያዝኩ በቀር ያችን «ግን» ጥፋተኝነቱን ለማፍረስ አልጠቀምባትም፤ ተነሳስቶ ነው ለሚለው ማቅለያ እይዛታለሁ። ይህ የኔ ሚዛን ነው። መዝገቡን ያነበበ ጠበቃ ከዚህ የተለየ ከነገረሽ እሱን ስሚው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ሁለት ገጽ በቂ ነው። የቅሬታው ዋና አንቀጽ ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ይግባኝ ባይ የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ የሌለበት መሆኑ በመዝገቡ እያለ የሥር ፍርድ ቤት ይህን በማቅለያነት ሳይይዝ፣ ያልያዘበትንም ምክንያት ሳይገልጽ ማለፉ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 82 የጣሰ ነው። እንዲሁም የጉዳቱን ክብደት፣ ወንጀሉን የሚያቋቁም ነጥብ ሆኖ እያለ፣ ድጋሚ በማክበጃነት መያዙ ከአንቀጽ 84 ጋር ይቃረናል። ስለዚህ ማክበጃው ተነስቶ፣ የታለፉት ማቅለያዎች ተይዘው ቅጣቱ ተሻሽሎ ይወሰንልን።» እናትሽ የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ በሁለት መስመር ትገባለች፤ የሕክምና ማስረጃዋ ተያይዞ።

ከዚያ ምን ይሆናል? ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የእናንተን ብቻ ያያል። ምንም የሚያነጋግር ነገር ካላገኘ ዐቃቤ ሕግን ሳይጠራ መዝገቡን ይዘጋል። ነጥብ ካየ «ያስቀርባል» ይላል፤ ዐቃቤ ሕግ መልስ እንዲሰጥ ይጠራል። በየፍርድ ቤቱ ኮሪደር «ያስቀርባል ተባለልን» ብለው የሚተቃቀፉ ቤተሰቦች የምታዪው ለዚህ ነው። ያስቀርባል ማለት አሸነፋችሁ ማለት አይደለም፤ ግን በሩ ተከፍቷል። በመጨረሻ ቅጣቱ ይጸናል ወይም ይሻሻላል። ከ7 ወደ 5 ወይም ወደ 4 ቢወርድ ትልቅ ውጤት ነው። «ነጻ ይወጣል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ካጋጠመሽ ሽሽው። አምኖ የተፈረደበትን ሰው በቅጣት ይግባኝ ነጻ የሚያወጣ ጠበቃ የለም።

ስለ ስጋቱም ልንገርሽ። ሕጉ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣትን የመቀነስ ብቻ ሳይሆን የመጨመርም ሥልጣን ይሰጠዋል። ዐቃቤ ሕግም «ቅጣቱ አነሰ» ብሎ የራሱን ይግባኝ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡን ሳያነቡ ይግባኝ መተኮስ ጨዋታ አይደለም። ግማሽ ደርዘን ማቅለያ በእጁ ላለ ልጅ ግን፣ የጻፍሽው ሁሉ እውነት ከሆነ፣ እኔ ይግባኙን አላስቀርም።

የገደቡን (ቅጣቱ ታግዶ ከእስር የመውጣትን) ነገር በተመለከተ አብረውት የታሰሩት አሳስተውታል። የታሰሩ ሰዎች የሕግ እውቀት አንዳንዴ ይገርመኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ እንዲህ ያስከፍላል። ገደብ ቀላል ቅጣት ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ካመነበት፣ የሚሰጥ ነገር ነው። ማንም «ካመንክ ገደብ አለልህ» ብሎ ቃል ሊገባ አይችልም። የ7 ዓመት ጽኑ እስራት እንዳለ ሆኖ ገደብ መጠየቅ ለዳኛው ሕጉን አላነበብንም ማለት ነው፤ ማመልከቻው ውስጥ አይግባ። እሱን ግን አትቆጪው። ማመኑ ራሱ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ካመነ በኋላ ዝም ማለቱ ነው።

የአመክሮን ሂሳብ ደግሞ ልሥራልሽ፤ ሰው ሲሰማው ይረጋጋል። በመልካም ጠባይ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የ7 ዓመት ሁለት ሦስተኛ 4 ዓመት ከ8 ወር ነው። ከመፈረዱ በፊት የታሰረበት ጊዜም ይታሰብለታል። ይግባኙ አንድ ዓመት ቢያስቀንስ ከአመክሮው ላይ ስምንት ወር ወረደ ማለት ነው። የካሳው ደረሰኝ ኋላ አመክሮ ሲጠየቅም ስለሚያገለግል ዋናውን ለማንም አትስጪ፤ ኮፒ ብቻ። ይቅርታ የሚባለው ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። እሱ ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ ለመንግሥት የሚቀርብ ጥያቄ ስለሆነ ከይግባኙ ጋር አታደባልቂው። ይግባኙ ካልተሳካና መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ሰበር ሰሚ ችሎት አለ፤ እዚያ ግን «ትንሽ ቢቀንስልን» የሚል ክርክር አይሰማም።

ጠበቃ መግዛት አንችልም ብለሻል በሁለተኛው መልእክትሽ። የተከላካይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ለይግባኝም ይጠየቃል። ወንድምሽ በማረሚያ ቤቱ በኩል ያመልክት። አንቺ ደግሞ የሕግ ትምህርት ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያሽ ካለ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል እንዳለው ጠይቂ። ማመልከቻ የሚጽፉት እነሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ችሎት ይቆማሉ። የትም ስትሄጂ ግን የፍርዱን ግልባጭ፣ የእርቁን ወረቀት፣ የሐኪም ቤቱን ደረሰኝና የክሱን ወረቀት በአንድ ፋይል ይዘሽ ሂጂ። ወረቀት የሌለው ቤተሰብ ታሪኩን ሲያወራ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ጠበቃውም «ግልባጩን ይዛችሁ ተመለሱ» ይላል።

ሽማግሌዎቹንም አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የእርቁ ወረቀት ላይ ቀን አለ? የተበዳዩ ፊርማ አለ? የተከፈለው ብር በአኃዝና በፊደል ተጽፏል? ከቅጣቱ በፊት የተፈረመ ከሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከቅጣቱ በኋላ ከሆነም ይያያዝ፣ ግን ቀኑን ማንም እንዳይነካው። ተበዳዩ ፈቃደኛ ከሆነ ራሱ «ታርቄያለሁ፣ ተክሻለሁ» ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው። ፈቃደኛ ካልሆነ አትጫኑት። ክንዱ የተሰበረው እሱ ነው፤ ለምስክር ተጫኑኝ ካለ ደግሞ ያለሽው ሁሉ ይበላሻል።

ግልባጩ ሲደርስሽ «የቅጣት ውሳኔ» ከሚለው ርዕስ በታች ያለውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ስሙን በወረቀት ሸፍኚው። ማክበጃው ላይ ምን እንደተጻፈ ካየሁ በኋላ ሦስቱን ነጥቦች በምን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ እንዳለባችሁ እነግርሻለሁ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከተቀበላችሁበት ዕለት ስለሆነ፣ ወረቀቱ ጀርባ ላይ የተቀበልሽበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፊበት።